የባህል አልበም ለምን ያጨቃጭቀናል? የጂጂን የ2001 ሥራ ደሴ ሆኖ ማድመጥ

ደሴ ላይ ስለ ባህል ሙዚቃ የሚነሳ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ማረፊያው አንድ ቃል ነው፦ «አበላሹት»። ምኑን አበላሹት ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይበታተናል። አንዱ «ሳክስፎን ክራር መሃል ምን አገባው» ይላል። ሌላው ፍጥነቱን ይከሳል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋው፣ ጥቂት ያዳምጥና «አምባሰል ነው ይበሉ እንጂ አምባሰል አይደለም» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ሦስቱ ሰዎች የተስማሙ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። ከሦስቱ አንዱ ትክክል ነው፣ አንዱ በከፊል፣ አንዱ ደግሞ ንጹሑን ሰው ነው የከሰሰው።

ይህን ለመለየት አንድ የታወቀ አልበም ይዞ መነሳት ይሻላል። እኔ የመረጥኩት እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ መጠሪያ «ጂጂ» ብላ ያወጣችውን ነው። የወሎ ልጅ አይደለችም፤ የተወለደችው ጎጃም፣ ቻግኒ ነው። ነገር ግን በአገራችን ከወጡ የባህል መሠረት ካላቸው አልበሞች ውስጥ ውጭ አገር ሲወደስ አገር ቤት ያከራከረ፣ ቆይቶ ደግሞ የሁሉም የሆነ ሥራ ፈልጉ ብባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

አልበሙ ምን ነበር

ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ የተባለ ድርጅት ነው። የድርጅቱ መሥራች ክሪስ ብላክዌል ቀደም ሲል በአይላንድ ሬከርድስ አማካይነት ቦብ ማርሌን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል፣ አሜሪካዊ፣ ራሱም ቤዝ ተጫዋች። የተጋበዙት ሙዚቀኞች ስም ዝርዝር ለጃዝ አፍቃሪ እጅ ያስነሳል፦ ፒያኖና ኪቦርድ ተጫዋቹ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስ። ከበሮ ላይ ሃሚድ ድሬክ አለ፤ የሕንዱን ታብላ ካርሽ ካሌ መትቷል። ከዘፈኖቹ መሃል «አባይ»፣ «አድዋ»፣ «ካህን»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ጉራማይሌ» ይገኛሉ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የገጠር እንጉርጉሮና የኒውዮርክ ጃዝ በአንድ ሸራ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል። በእኛ አገር የአልበም ልማድ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሦስተኛ፤ ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የካሴት ሽፋን ገልብጠን ጀርባውን እናነብ የነበርን ሰዎች ይህን ሰንጠረዥ በቃላችን እናውቀዋለን። ጂጂ ግን በዋናነት የራሷን ግጥምና ዜማ የምትዘፍን ናት። ስለዚህ አልበሟ ሲተች የሚተቸው ድምጿ ብቻ አይደለም፤ ስለ አገሯ የምታስበው ነገር በሙሉ አብሮ ይመዘናል። የባህል ዘፋኝ ደራሲም ሲሆን ሙገሳውም ወቀሳውም እጥፍ የሚሆነው በዚህ ነው።

የብላክዌልን ያለፈ ታሪክ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የማርሌና የጓደኞቹ አልበም «ካች ኤ ፋየር» ሲዘጋጅ፣ ጃማይካ የተቀረጸው ድምፅ ለንደን ተወስዶ የሮክ ጊታርና ኪቦርድ ተደርቦበት ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፦ ሬጌን የማያውቅ ጆሮ የሚይዘው እጀታ እንዲያገኝ። ከ28 ዓመት በኋላ የጂጂ ድምፅ በጃዝ ሊቃውንት ተከቦ ሲወጣ ሐሳቡ ከዚያ ሩቅ አይመስለኝም። ይህን የምለው ለክስ አይደለም። አልበሙ ሲሠራ በመጀመሪያ የታሰበው አድማጭ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ወይም ፒያሳ ሰፈር የተቀመጠው እንዳልነበር ካወቅን፣ የአቀባበሉ ግማሽ ምሥጢር ስለሚፈታ ነው።

አቀባበሉም እንዲህ ሆነ። ውጭ አገር ያሉ ሐያስያን አልበሙን በደስታ ተቀበሉት፤ ጂጂም ከኢትዮጵያ ከወጡ ድምፆች ሁሉ በዓለም መድረክ ከሚታወቁት ተርታ ገባች። አገር ቤት ግን ከለመድነው ዘመናዊ ሙዚቃ መንገድ ስለወጣ አከራከረ። ለአንዱ አድማጭ ባህሉ ከፍ አለ፣ ለሌላው ባህሉ ለፈረንጅ ተሸጠ። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ዛሬ የካቲት 23 ሲመጣ «አድዋ» የማይሰማበት ከተማ የለም፤ ደሴም ኮምቦልቻም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዳሴው ግድብ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ «አባይ» እንደ አዲስ ተወልዷል። ያን ጊዜ ፊቱን ያዞረ ሰው ዛሬ ዘፈኑን ከልጁ ጋር ያንጎራጉረዋል። ታዲያ ዘፈኑ ሳይቀየር ምን ተቀየረ?

ቅኝት፦ የሽማግሌው ጆሮ ትክክል የሚሆንበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወሎ ውስጥ ሆኖ ስለዚህ ማውራት የተለየ ክብደት አለው፤ አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲባሉ ሁለቱ በስማቸው የእኛው ሰፈር ናቸው። አምባሰል ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ያለ አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ የሚገኝ፣ ሰኞ ገበያው አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ ከተማ።

ቅኝት ማለት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ግን አምስት ድምፆች ብቻ አይደሉም። ዶን መነሻ እናድርግ። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነር የሚባለው የትዝታ ዓይነት ሚንና ላን በግማሽ እርምጃ ያወርዳል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ እሱም የወረደ ዓይነት አለው። አምባሰል ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ላ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ የወረደ ሶል፣ ላ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አምባሰልን ከዶ ሳይሆን ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሩት፦ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ላ፣ ዶ፣ የወረደ ሬ። የወጣው ነገር ማይነር ትዝታ ነው! አምስቱም ድምፆች አንድ ናቸው። ልዩነቱ ዜማው የት ላይ ያርፋል፣ ዞሮ ዞሮ ማንን ቤቴ ይላል የሚለው ብቻ ነው። ሽማግሌው «አምባሰል አይደለም» ሲል አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳይመታ ነው፤ የሚናገረው ስለ ማረፊያው ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ማረፊያ እንዴት ይጠፋል? በኮርድ ነው። ዘመናዊ ቅንብር ከዜማው ሥር ሦስት ሦስት ድምፅ አብሮ የሚመታ ኮርድ ይፈልጋል። በአምባሰል አምስት ድምፆች ሙሉ ኮርድ ለመሥራት ሞክሩ። የሚገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በፋ ላይ፣ አንዱ በወረደው ሬ ላይ። በቤቱ፣ በዶ ላይ፣ የሚቆም ሙሉ ኮርድ የለም። ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁ ወደ ፋ ይሄዳል፤ ቤዙ ይከተለዋል። ዘፋኟ አምባሰል እየዘፈነች ከሥሯ ያለው መሬት ማይነር ትዝታ ሆነ። ማንም አልተሳሳተም፤ ዘፈኑ ግን አገሩን ለቀቀ።

ትዝታንና ባቲን ስትመለከቱ ነገሩ ሌላ ነው። ትዝታ በመነሻው ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል የሚል ሙሉ ኮርድ አለው። ባቲም እንዲሁ። ባንድ ሁለቱን ያለ ብዙ ጭንቀት የሚሸከማቸው በዚህ ይመስለኛል። አንቺ ሆዬ ግን ከሁሉም የባሰ ግትር ነው፤ ከመነሻው በላይ ሙሉው ሶል ራሱ ስለሌለው የምዕራቡ ኮርድ መደገፊያ ያጣል። ሠርግ ላይ በማሲንቆ ሲመታ ትከሻ የሚያስነሳው አንቺ ሆዬ በአንዳንድ ቅጂ ውስጥ ቅር የሚል፣ ያላለቀ ነገር የሚመስለን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ችግር የድምፆቹ ርቀት ነው። ሙዚቃን የሚለኩ ሰዎች ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት 1200 ሴንት ይሉታል። ፒያኖና ተራ ኪቦርድ ይህን ለ12 እኩል ከፍለው እያንዳንዱን ግማሽ እርምጃ 100 ሴንት ያደርጉታል። ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ማሲንቆም ጣት በፀጉሩ ላይ እያንሸራተተ ነው የሚጫወተው። ጆሮ ደግሞ እኩል አይከፍልም። ለምሳሌ ሁለት ድምፆች ያለ መንቀጥቀጥ የሚስማሙበት ተፈጥሯዊ ሚ ከዶ በላይ 386 ሴንት ገደማ ላይ ነው፤ የፒያኖው ሚ 400 ላይ። አሥራ አራት ሴንት ትንሽ ይመስላል፤ በትዝታ ላይ ግን ሆድ የሚያባባውን ከማያባባው የሚለየው እንዲህ ያለው ልዩነት ነው። ክራር የጦሳን ተራራ በእግር እንደ መውጣት ነው፣ የፈለጉበት ቆመው ይተነፍሳሉ፤ ኪቦርድ ደረጃ ነው፣ በሁለት ደረጃ መሃል መቆሚያ የለም።

እዚህ ላይ ነው ሳክስፎን በስህተት የተከሰሰው። ሳክስፎን በከንፈርና በትንፋሽ ድምፁን ወደ ላይም ወደ ታችም ያጥፋል፤ የሾርተርና የሳንደርስ ዓይነት ተጫዋች ደግሞ የዘፋኝን ድምፅ ሰምቶ መከተል ሥራው ነው። ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ድምፅን የሚከፋፍል ዘንግ፣ የሌለው ቤዝም ይንሸራተታል። ታብላ ከቅኝት ጋር የሚያጣላው ነገር ትንሽ ነው። ከፈረንጆቹ እንግዶች መሃል በእኔ ክስ ውስጥ ሊገባ የሚችል ካለ ኪቦርድ የሚጫወተው ሃንኮክ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመክሰስ ድፍረቱ የለኝም። በአንጻሩ ከካሴት ዘመን ጀምሮ አገር ውስጥ በተሠሩ የባህል አልበሞች ከማሲንቆው ሥር ተነጥፎ የኖረውን ኪቦርድ ማንም «ባዕድ ነው» ብሎ ሲቃወም ብዙም አልሰማሁም። መልኩ ባዕድ የሆነውን ከሰስን፣ ቅኝቱን በእርግጥ ያደነደነውን ለመድነው።

ላስዌል ደግሞ ከሬጌ ከወጣው የዳብ ሙዚቃ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ አሠራር ኮርድ ከመደርደር ይልቅ ቤዝን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ማመላለስ ይመረጣል። በመርህ ደረጃ ይህ ለኢትዮጵያ ቅኝት ከሙሉ ባንድ ይልቅ ይስማማል፣ ቤዙ የቆመበት ቦታ የዜማው ቤት እስከሆነ ድረስ። አልበሙን ስታደምጡ ይህን መሞከር ይቻላል። ዘፈኑ እየሄደ ጂጂ አንድ ስንኝ ስትጨርስ የምታርፍበትን ድምፅ በአፋችሁ ያዙት፣ አትልቀቁት። ከዚያ ቤዙን ስሙ። ሁለቱ ከተስማሙ ቅንብሩ ዘፈኑን አክብሮታል። ካልተስማሙ ያ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ያሰኛችሁ ስሜት ስሙ ተገኘ። ይህ ፈተና ለዚህ አልበም ብቻ አይደለም፤ ነገ ታክሲ ውስጥ በሚከፈትላችሁ በማንኛውም የባህል ዘፈን ላይ ሞክሩት።

ደግሞ ዛሬ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ኦቶቲዩን የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አሁን በአንዲት ክፍልና በአንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ቀረጻ ሁሉ ያገኘዋል። ሶፍትዌሩ ዘፋኙ ያጠፈውን ድምፅ «ስህተት» ብሎ ወደ ቅርቡ ደረጃ ይጎትተዋል። በወሎ ዘፈን ውስጥ ግን ያ እጥፋት ነው ዘፈኑ። ጥሩ ባለሙያ ማስተካከያውን ያጠፋዋል ወይም በቅኝቱ ልክ ይቃኘዋል። አንዳንድ ኪቦርዶችም እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ የማድረግ ምርጫ አላቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የዘመናዊነትና የባህል ጠብ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ ያለውን አንድ ምርጫ የመንካትና ያለመንካት ነው።

ጊዜውና ግጥሙ

ፍጥነቱን የሚከሰው ሰው በከፊል ትክክል ነው። ባለ ማሲንቆ ብቻውን ሲጫወት ጊዜውን ይስባል፣ ይለቃል፤ ስንኙ ከረዘመ ዜማው ይጠብቀዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ሰው በተለያየ ቀን ሲቀረጽ ግን ሁሉም የሚከተለው ቋሚ ምት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ዘፋኙ ምቱን ይጠብቃል እንጂ ምቱ ዘፋኙን አይጠብቅም።

ርዝመቱም እንዲሁ በማሽን ተወስኗል፣ ያውም ከጥንት ጀምሮ። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ዘፈኖች በሸክላ ሲያስቀርጹ አንዱ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ ሲያሳትሙም ዘፈኑ በደቂቃዎች መታጠር ነበረበት። ካሴት ሲመጣ በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ተገኘ፤ ቢሆንም የለመድነው አጭር ዘፈን ቀረ። አንድ አዝማሪ ቤት ሌሊቱን የሚያመሽ ትዝታ መቼም ቢሆን ሙሉውን ተቀርጾ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ግጥሙ ላይ ያለው ልዩነት ግን ከዚህ ይጠልቃል። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ የሚጮኸው ደንበኛ የግጥሙ ግማሽ ደራሲ ነው። ሙገሳውም ሽሙጡም እዚያው ይወለዳል፤ ዛሬ የተባለው ነገ አይደገምም። አልበም ይህን ያቆመዋል። አንድ ዓይነት ስንኝ፣ አንድ ዓይነት ትንፋሽ፣ ለዘላለም። ጂጂ ለዚህ የሰጠችው መልስ ብልህ ነው እላለሁ። የደንበኛን ስንኝ ለመምሰል አልሞከረችም፤ ከመጀመሪያው እንዲቆም ተደርጎ የተጻፈ ግጥም ጻፈች። «አድዋ» ላይ ድምጿ ፊት ለፊት ነው፣ መሣሪያው ከኋላ ራቅ ብሎ ቆሟል። ስንኙ ይሰማል። በእኔ ግምት ያ ዘፈን ከዓመታት በኋላ የአደባባይ የሆነው በዚህ ነው፤ አደባባይ ላይ የሚዘፈን ዘፈን መጀመሪያ ቃሉ መሰማት አለበት።

በሕግ በኩል ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ዘፋኝ የራሱን ግጥምና ዜማ ከሠራ መብቱ የራሱ ነው። ከእናቱ የሰማውን፣ ደራሲው የማይታወቅ ስንኝ ቢያስገባ ግን ያ ስንኝ የእሱ አይሆንም፤ የተቀረጸው ዘፈኑ እንጂ። የወሎ አልበሞች ውስጥ አንድ ስንኝ በሦስት ዘፋኞች ሲደጋገም «ሰረቀ» የሚሉ አሉ። የሕዝብ ስንኝ አይሰረቅም፤ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ ነው የቀዱት።

«ድሮ የነበረው» ምን ነበር?

በደሴ ክርክር ውስጥ አንድ ብዙ የማይነካ ነገር አለ። «ኦሪጅናሉ» ስንል የቱን ነው? በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገራቱ የኪነት ቡድን ነበራቸው፤ የእኛው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር፣ መቀመጫው ደሴ። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የአምባሰል ድምፅ የወጣችው ከዚያ ነው። ቡድኑ ያደረገው ሥራ ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ መድረክ መድረክ ነው። የሠርግና የጨዋታ ዘፈን ለመድረክ ሲመጣ ያጥራል፣ ይደረደራል፣ ጭፈራው ይሰለፋል፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ዛሬ በሃምሳና በስልሳ ዕድሜ ያለው የደሴ ሰው «ንጹሕ የወሎ ዘፈን» ብሎ በልቡ የያዘው ብዙ ጊዜ ይህ የመድረክና የካሴት መልክ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሰማ ጥቂት ነው።

ለነገሩ ወሎ ስለ ንጽሕና ለመከራከር ምቹ አገር አይደለም። በአንድ መንደር መንዙማው በድቤ ሲመታ በወዲያኛው ማዶ የማኅሌት ከበሮ ይሰማል። የሁለቱም ልጆች አንድ ሠርግ ላይ ይገናኛሉ፤ ዘፈኑ ውስጥ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ዐረብኛው ቃል ሳይጠያየቅ ተቀላቅሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ አገር ልጅ ታብላ ስለ ገባ ሊደነግጥ አይገባውም። መደንገጥ ያለበት ማረፊያው ሲጠፋ ነው።

ይህ ሁሉ አንድን አልበም «ተቀባይነት አገኘ» የምንለው መቼ እንደሆነ እንድናስብ ያደርጋል። ውጭ አገር መለኪያው ግምገማና ሽያጭ ነው። እዚህ ሌላ መለኪያ አለ፣ ያውም የማይዋሽ። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ መከፈቱ ገና ምንም አይደለም፤ ሾፌሩ የወደደውን ይከፍታል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከጠየቁት ግማሽ መንገድ ሄዷል። አዝማሪ ቤት ባለ ማሲንቆው ከተነሳበት፣ ዜማውን ይዞ የራሱን ስንኝ ከሰካበት፣ ደንበኛውም «ተቀበል!» ብሎ ከጨመረበት ያ ዘፈን ገብቷል። ከስቱዲዮው ወጥቶ እንደገና የሚለዋወጥ ነገር ሆኗል። የጂጂ ዘፈኖች ዕድሜ እዚህ ላይ ሁለት መልክ ይዟል፦ «አድዋ»ና «አባይ» የበዓልና የአደባባይ ሆኑ፣ ስንኛቸው ሳይነካ፤ ሌሎቹ በአብዛኛው የጆሮ ማዳመጫ ዘፈን ሆነው ቀሩ፣ ማታ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚሰማቸው። ሁለተኛው ዓይነት አነስተኛ ነው አልልም። የአልበም ዋናው ጥቅም ምናልባት እሱ ነው።

ከአልበሙ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ክርክሩን የሰማ የሚመስል ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት ሁለት ሥራዎች ወጡ። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ላስዌል የ2001ዱን አልበም ወስዶ በዳብ መንገድ እንደገና የሠራው ነው፤ ድምፁ ይርቃል፣ ይቀልጣል፣ ቦታው ይሰፋል። «ዛየን ሩትስ» ደግሞ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም የወጣ ሲሆን ወደ ክራሩና ወደ ዋሽንቱ ቀርቧል። አንዱ ወደ ስቱዲዮው ጠልቆ ገባ፣ ሌላው ወደ በሩ ተመለሰ፤ ሁለቱም የጂጂ ድምፅ አለባቸው። ቆየት ብሎም እ.ኤ.አ. በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ተከተለ፣ እንደገና ከላስዌል ጋር።

ለደሴ ሰው የትኛውን ላስቀድም ብባል «ዛየን ሩትስ»ን አስቀድማለሁ። ጆሮው ቤቱን ካገኘ በኋላ ወደ 2001ዱ አልበም ይምጣ፣ ከ«አድዋ» ሳይሆን ከ«ባለ ዋሽንቱ» ይጀምር፤ «አድዋ»ን ብዙ ስለሰማነው ዛሬ በዘፈንነቱ ማድመጥ ይከብዳል። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን ቤዝ ለሚወዱ ልጆች እተወዋለሁ፤ እነሱ ያለ እኔም ያገኙታል።